የተዳፈነ እሳት አልጠፋም፦ ሜዳ ላይ እሳት እንዴት ይነድዳል፣ እንዴትስ ይጠፋል?

አያቴ ማታ ከመተኛቷ በፊት የማትዘነጋው አንድ ሥራ ነበራት። ምድጃው ላይ የቀረውን ፍም በትርኳሽ ሰብስባ መሀል ላይ ታከማቸዋለች፤ ከዚያም በዙሪያው ያለውን አመድ ትመልስበታለች። እሳቱ አይታይም፣ ጢስ እንኳን የለውም። ጠዋት ስትነሣ አመዱን ገለጥ አድርጋ ጭራሮ ታስጠጋበታለች፤ ሁለት ጊዜ እፍ ስትልበት ምድጃው ይንቦገቦጋል። ክብሪት አልተጫረም። ይህን ሥራ እሳት ማዳፈን እንለዋለን፤ ዓላማውም እሳቱን ለነገ ማሳደር ነው።

አሁን ደግሞ ጮቄ ተራራ ላይ ያደረ መንገደኛ ወይም አውድማ ሲጠብቅ ያነጋ ገበሬ ጠዋት የሚያደርገውን እናስብ። በእግሩ አፈር ገፋ ገፋ አድርጎ እሳቱን ያለብሰውና «ጠፍቷል» ብሎ ይሄዳል። ያደረገው ነገር አያቴ ታደርገው ከነበረው በምንም አይለይም። እሳቱን አዳፈነው እንጂ አላጠፋውም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ አፈሩን ገልጦ እፍ የሚልበት ነፋሱ ራሱ ነው።

ጎጃም ውስጥ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ሜዳ ላይ የሚነድደው እሳት ይበዛል። እረኛው ብርድ ለመከላከል፣ የአዝመራ ጠባቂው ሌሊቱን ለማንጋት፣ ወደ ገዳም የሚጓዘው ምእመን ቆሎውን ለማሞቅ፣ ለጉብኝት የወጣው ተማሪ ደግሞ ለጨዋታ ያነድዳል። የሁሉም እሳት ጠባይ አንድ ነው። ጠባዩን ያወቀ ሰው በትንሽ እንጨት ብዙ ሙቀት ያገኛል፤ ሲሄድም እሳቱን ጥሎ አይሄድም።

እሳት በምን ይቆማል?

እሳት እንደ ድንጋይ ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ሦስት ነገሮች ሲገናኙ የሚፈጠር ሂደት ነው፤ እነዚህም የሚነድድ ነገር፣ አየርና ሙቀት ናቸው። አየር ስንል በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ማለታችን ነው፤ ከምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው።

ነገሩን በሦስት ጉልቻ ላይ እንደተጣደ ድስት ማሰብ ይቻላል። ከጉልቻዎቹ አንዱን ብናወጣ ድስቱ ይወድቃል። እሳትም እንዲሁ ነው። እንጨቱ ካለቀ ይሞታል፣ አየር ካጣ ይሞታል፣ ሙቀቱ ከተወሰደበት ይሞታል። ማንደድ ማለት ሦስቱን ጉልቻዎች አስተካክሎ መትከል ነው፤ ማጥፋት ማለት ደግሞ ቢያንስ አንዱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ቃል ላይ አንባቢ ቆም እንዲል እፈልጋለሁ፤ ጉልቻውን በግማሽ ማነቃነቅ ድስቱን አያወርደውም።

ታዲያ የሚነድደው እንጨቱ ነው?

ክብሪት ለኩሰን ወፍራም ግንድ ላይ ብናስጠጋው ጣታችንን እንቃጠላለን እንጂ ግንዱ አይነድድም። ምክንያቱም እንጨት በቀጥታ ነበልባል አይሆንም። ሲሞቅ መጀመሪያ በውስጡ ያለው ውሃ ይተንናል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በኋላ እንጨቱ ራሱ መፍረስ ይጀምርና ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ነበልባል ብለን የምናየው የዚህን ጋዝ መንደድ ነው።

ይህን ለማየት ጧፍ ይበቃል። የበራ ጧፍ እፍ ብለን ስናጠፋው ቀጭን ነጭ ጢስ ሽቅብ ይወጣል። ክር ጫፉ ላይ ሳንደርስ የተለኮሰ ክብሪት ጢሱ ላይ ብናስጠጋ፣ ነበልባሉ በጢሱ ተንደርድሮ ወርዶ ጧፉን መልሶ ያበራዋል። ያ ጢስ የተነነ ሰም ነው። እንጨት ሲጨስም ሳይነድድ የሚያመልጥ ማገዶ አለ ማለት ነው፤ ዓይን የሚያስለቅስ እሳት ማገዶ የሚያባክን እሳት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

እርጥብ እንጨት ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ውሃውን ማፍላት አለበት። አሁን ከተቆረጠ ዛፍ ክብደት ግማሽ ገደማው ውሃ ሊሆን ይችላል። «በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነድዳል» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሰው ቢሆንም በእንጨትም በኩል ትክክል ነው። እርጥቡ የሚነድደው ደረቁ በራሱ ሙቀት ውሃውን ካስወጣለት በኋላ ነው።

ጋዙ ሲያልቅ ነበልባሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው ካርቦን ነው፣ እኛም ፍም እንለዋለን። ፍም ያለ ነበልባል በገጹ ላይ ብቻ እየጋመ ይነድዳል። የሚፈልገው አየር እጅግ ጥቂት ነው። በአመድ ውስጥ ተበታትኖ የሚገኘውን ደቃቅ ፍም ደግሞ ረመጥ እንለዋለን። ነበልባል፣ ፍም፣ ረመጥ፣ አመድ፦ ቋንቋችን ለየደረጃው ስም አውጥቶለታል። አደጋው የሚመጣው ከሦስተኛው ነው። ነበልባል ስለሚታይ ሁሉም ይጠነቀቀዋል፤ ረመጥ ግን አመድ መስሎ ይቀመጣል።

ጎጃም ላይ ምን የተለየ ነገር አለ?

ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ሣሩ ወገብ ድረስ ያድጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይህ ሁሉ ሣር ወደ ቢጫነት ተለውጦ ይደርቃል፤ እስከ ሚያዝያ ድረስም የሚጠብቀው ብልጭታ ነው። በዓባይ በረሃ ያለው ሙቀት ይህን ያባብሰዋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ደጋውን ነው።

ጮቄ ጫፉ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ስለሳሳ እሳት ለማያያዝ ያስቸግራል፤ ክብሪት ቶሎ ይጠፋል፣ እንጨቱ ይጨሳል። ውሃም የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ድንች ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በዚህ የተሰላቸ ሰው እንጨት መቆለል ይጀምራል። ቁልሉ አንዴ ከተያያዘና የተራራው ነፋስ ካገኘው በኋላ ግን የአየሩ መሳሳት አያስቆመውም።

«ውርጭ ባለበት አገር እሳት አይዛመትም» የሚል እምነት አለ። በጣም አደገኛ እምነት ነው። የበጋው ደጋ አየር ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን ደረቅም ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ ፀሐዩ ይጠብሳል። በጮቄ ላይ የሚበቅለው አስታ በእርጥቡም ቢሆን በቀላሉ የሚቀጣጠል ቁጥቋጦ ነው። ጓሳ የተባለው የደጋ ሣር በሥሩ የደረቀ ቅጠል ያከማቻል። ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ሳያብብ ከተቃጠለ ያ ሁሉ ዓመት ያለ ዘር ቀረ ማለት ነው። ተመሳሳይ ዕፀዋት ባሉበት በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የተነሣውን ሰደድ እሳት ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብ ቀንና ሌሊት ተረባርቦ፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች እስከ መምጣት ተደርሷል። ሰደድ እሳት ማለት ከሰው ቁጥጥር ወጥቶ በራሱ የሚሄድ እሳት ነው፤ በተራራ ላይ አንዴ ከተነሣ መኪና የሚደርስበት መንገድ የለም።

ሌላው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በጎጃም አብዛኛው መሬት ታርሷል፤ ጥንታዊው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ነው። እነዚህ ደኖች በእርሻ ባሕር መካከል እንዳሉ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። አንዱ ቢቃጠል ዘር የሚያመጣለት ጎረቤት ደን በቅርብ የለም። ስለዚህ በቅጥሩ ውስጥ እሳት ለማንደድ ያሰበ ተሳላሚ መጀመሪያ አገልጋዮቹን ይጠይቅ፤ ዘወትር የሚነድድበት የታወቀ ቦታ አላቸው።

የት ላንድደው?

በጣም ጥሩው ቦታ ቀድሞ የነደደበት ነው። አዲስ ቦታ የግድ ከሆነ ቢያንስ ሦስት እርምጃ ስፋት ያለው ክብ ላይ ሣሩን፣ ቅጠሉንና ሥሩን ጠርጎ ንጹሕ አፈር ማውጣት ያስፈልጋል። የጮቄን ጥቁር አፈር ግን ልብ ይሏል፤ ከላይ ያለው ክፍል የበሰበሰ ሣርና ሥር የሞላበት ስለሆነ አፈር መስሎ ማገዶ ነው። እሳት እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ሳይታይ ውስጥ ውስጡን ሊሄድ ይችላል። ድንጋያማ ወይም ጠጠር ያለበት ቦታ ይሻላል።

ከዛፍ ሥር፣ ከጉቶ አጠገብና ከተንጠለጠለ ቅርንጫፍ በታች አይነደድም። በተለይ ጉቶ! የደረቀ ጉቶ ላይ ያረፈ ፍም በሥሩ ተከትሎ ወደ መሬት ይገባና ለቀናት ከታች ሲግም ቆይቶ ሌላ ቦታ ላይ ብቅ ይላል።

ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ደግሞ የእያንዳንዱ እረኛ እውቀት ነው። አዝመራ የሚጠብቅ ሰው እሳቱን ከጤፍ ክምሩ ርቆ፣ ነፋሱ ከክምሩ ወደ እሳቱ በሚነፍስበት በኩል ማንደድ አለበት። ፍንጣሪ የሚሄደው ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ተራራ ላይ ነፋሱ ቀን ሽቅብ፣ ሌሊት ቁልቁል የመንፈስ ልማድ አለው፤ ማታ የተመረጠው ቦታ ጠዋት ላይ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል። ድንኳንም ከእሳቱ በላይ ሽቅብ አይተከልም።

እንዴት ላቀጣጥለው?

የመስቀል ደመራ ሲቆም ያየ ሰው ትምህርቱን ቀድሞ ተምሯል። እንጨቶቹ ከታች ተራርቀው ከላይ ይጋጠማሉ። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ በመሀሉ ሽቅብ ይወጣል፤ የወጣውን ለመተካት ቀዝቃዛ አየር ከታች በክፍተቱ ይገባል። ወደ ላይ የሚሄደው ሙቀት ደግሞ የላይኞቹን እንጨቶች ቀድሞ ያደርቃቸዋል። ለሜዳ እሳት የሚያስፈልገው ጉልበት የማይደርስ ትንሽ ደመራ ነው።

ማገዶው በሦስት መጠን ይለያል። መጀመሪያ በአንድ ክብሪት የሚያያዝ ነገር ነው፤ ደረቅ ሣር፣ ገለባ ወይም የባሕር ዛፍ ልጣጭ ይሆናል። ቀጥሎ እንደ እርሳስ የቀጠነ ጭራሮ ይመጣል። ከዚያ እንደ ክንድ የወፈረ ፍልጥ ይከተላል። ሦስቱም ክብሪቱ ከመጫሩ በፊት ተሰብስበው በአጠገብ መቀመጥ አለባቸው። ብዙ እሳት የሚጠፋው አንዳጁ ገለባውን ለኩሶ ጭራሮ ፍለጋ ሲሄድ ነው። የጭራሮው ደረቅነት የሚታወቀው ሲሰበር ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ይነድዳል፣ ከተጣመመ ገና ነው።

ክብሪቱን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከታች መለኮስ ነው፤ ነፋሱ ነበልባሉን ወደ ማገዶው ይገፋዋል። ጭራሮው በደንብ ሳይያያዝ ፍልጥ መጫን አየሩን ያፍነዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚነድድ እሳት ከተፈለገ ወፍራም ፍልጦችን ሁለት ሁለቱን እያነባበሩ በርብራብ መሥራት ይቻላል፤ አየሩ ከጎን ስለሚገባ ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ ጥሩ ፍምም ይሰጣል። ነፋስ በበረታበት ቦታ ደግሞ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሮ በውስጡ ማንደድ ይበጃል።

እንጨቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ጮቄ ላይ አስታ መቁረጥ እሳቱን ሳንለቅ ተራራውን እንደማቃጠል ነው። አስታ ከተቃጠለም ከተቆረጠም በኋላ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ነገር ግን በዚያ ብርድ እድገቱ አዝጋሚ ነው። ከታች ካለው ቀበሌ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ገዝቶ በአጋሰስ ጭኖ መውጣት ለገበሬውም ገቢ ነው።

እሳት ውስጥ የማይገባው ምንድን ነው?

ቤንዚን በጭራሽ አይገባም። ቤንዚን ሲፈስ ወዲያው ይተንናል፤ ክብሪቱ የሚያገኘው ፈሳሹን ብቻ ሳይሆን በዙሪያችን የተሰራጨውን ትነት ነው፤ ስለዚህ እሳቱ ከእንጨቱ ሳይሆን ከእጃችን አጠገብ ይፈነዳል። በሚጨስ እሳት ላይ ላምባ መጨመርም እንዲሁ አደገኛ ነው።

ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ለጉልቻነት አይሆንም። በቀዳዳዎቹ የገባው ውሃ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ካጣ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፤ ስብርባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ቀርከሃም በዚሁ ምክንያት ይፈነዳል። በእንጅባራ አካባቢ ያደገ ልጅ ድምፁን ያውቀዋል፤ በሁለት አንጓ መካከል የታፈነው አየርና እርጥበት ሲሞቅ እንደ ጠመንጃ ይጮኻል፣ ፍሙንም ይበትናል። ቀርከሃ ከመነደዱ በፊት መሰንጠቅ አለበት። የቁልቋልና የቅንጭብ ደም ዓይንንና ቆዳን ክፉኛ ስለሚያቃጥል እነሱም ለማገዶ አይመረጡም።

አፈር ማልበስ ለምን አይበቃም?

ወደ አያቴ አመድ እንመለስ። አመድ ሁለት ሥራ ይሠራል። አየር ይቀንሳል፣ ግን ጨርሶ አይዘጋም። ሙቀት ደግሞ እንዳይወጣ ይከላከላል፤ ለፍም እንደ ጋቢ ነው። ፍሙ ጥቂት አየር እያገኘ፣ ሙቀቱን ሳያጣ፣ ቀስ እያለ ያድራል። ደረቅ አፈርና አሸዋም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ከሦስቱ ጉልቻዎች አንዱን በግማሽ ነቀነቁ፣ ሌላውን ግን አጠበቁት።

በአውስትራሊያ ሐኪሞች ይህን ለክተውታል። በአሸዋ የተሸፈነ የሜዳ እሳት 8 ሰዓት ሙሉ ከቆየ በኋላ እንኳን 100 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ነበረው። በውሃ የጠፋው ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ 50 ዲግሪ ወርዷል። ልኬቱን ያደረጉት በእሳት የተቃጠሉ ሕፃናት ስለበዙባቸው ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች የተቃጠሉትም በሚነድድ እሳት ሳይሆን ባለፈው ሌሊት እሳት ረመጥ ነበር። ይህን ሳነብ ያሰብኩት በባዶ እግሩ ከብት የሚከተለውን ልጅ ነው። በአፈር የተሸፈነ ረመጥ ለእሱ ከሜዳው የሚለይበት ምልክት የለውም።

ውሃ ለምን ይበልጣል? ሦስተኛውን ጉልቻ፣ ሙቀትን፣ ስለሚወስድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ እስኪፈላ ድረስ ብዙ ሙቀት ይጠጣል፤ ከፈላ በኋላ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለመሆን ደግሞ እስኪፈላ የጠጣውን ከስድስት እጥፍ በላይ ይጠጣል። ማጀት ውስጥ ድስት ቶሎ ፈልቶ ውሃው ግን ለመትነን ሰዓታት የሚወስደው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት የሚወሰደው ከፍሙ ነው።

ታዲያ በትክክል እንዴት ይጠፋል?

ሥራው የሚጀምረው ከመነሣት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። እንጨት መጨመር ይቆማል፤ ያለው ተቃጥሎ አመድ እስኪሆን ይጠበቃል። ያልነደዱትን የግንድ ጫፎች ወደ መሀል መግፋት ይረዳል። ወፍራም ግንድ ካለ አሁኑኑ ለይቶ ለብቻው ማርጠብ ይሻላል፣ ምክንያቱም በስንጥቁ ውስጥ ያለው ፍም በኋላ አይታይም።

ከዚያ ውሃ። አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር፣ ለተለመደ ትንሽ እሳት ያስፈልጋል ብሎ መያዝ ጥሩ ነው፤ እሳቱ ከመለኮሱ በፊትም በአጠገብ መቀመጥ አለበት። ውሃው በአንድ ጊዜ አይደፋም። የሚፈነዳው እንፋሎትና የሚቦንነው ትኩስ አመድ ፊት ያቃጥላል። ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ ራቅ ብሎ፣ ከዳር ወደ መሀል ቀስ እያሉ ማርከፍከፍ ነው። ሹ የሚለው ድምፅ እስካለ ድረስ ሥሩ ገና ትኩስ ነው።

ድምፁ ሲያበቃ ብዙ ሰው ይሄዳል። ዋናው ሥራ ግን አሁን ነው። ረጅም እንጨት ይዞ ገንፎ እንደሚያገነፋ ሰው ከሥሩ ጀምሮ ማማሰል ያስፈልጋል። ከላይ ያለው አመድ ውሃውን ስለሚሸሽ ከሥር ደረቅ ረመጥ ይቀራል፤ ሲማሰል ቀይ ዓይኑን ያሳያል። ውሃ ይጨመራል፣ እንደገና ይማሰላል። ጉልቻዎቹም ይገለበጣሉ፤ ፍም ከሥራቸው መደበቅ ይወዳል። ሁሉም ነገር እንደ ቀጭን ጭቃ ሲሆን በቂ ነው።

በመጨረሻ እጅ ይፈርዳል። የእጅን ጀርባ መጀመሪያ ከላይ አስጠግቶ ሙቀት መኖሩን መሰማት፣ ምንም ከሌለ ቀስ ብሎ መዳበስ። በዙሪያው ካለው አፈር እኩል ከቀዘቀዘ እሳቱ ጠፍቷል። ለብ ካለ አልጠፋም፤ ወደ ጀሪካኑ መመለስ ነው። ለእጅ የሚሞቅ እሳት ጥሎ ለመሄድም ይሞቃል።

ውሃ ከሌለስ?

ውሃ ከሌለ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ እሳቱ አስፈላጊ ነበር ወይ የሚለው ነው። ግድ ከሆነ አፈሩ ከሥር ተቆፍሮ የወጣ እርጥብ አፈር መሆን አለበት፤ ከላይ የተጠረገው ደረቅ አፈርና ሣር አይሆንም። እርጥቡን አፈር ከላይ መጫን ሳይሆን ከፍሙ ጋር ደጋግሞ ማማሰል ነው። ሲቀላቀል ፍሙ ይበታተናል፣ የተበታተነ ፍም ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ጊዜ ይወስዳል፤ ምናልባትም አንድ ሰዓት። ፈተናው ያው የእጅ ጀርባ ነው።

ፍሙን ወደ ድንኳን ማስገባትስ?

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ብርድ የጠናበት ሰው ጢሱ ያለቀለትን ፍም በማንደጃ አድርጎ ወደ ድንኳን ወይም ወደ ተዘጋ ክፍል ያስገባል። ጢስ የሌለው ፍም ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን በቂ አየር ሳያገኝ የሚግም ካርቦን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውነት እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል፤ የተኛው ሰው አይነቃም። እሳት ውጭ ይደር፤ ውስጥ የሚሞቀው በጋቢና በብርድ ልብስ ነው። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ቢያመልጠኝስ?

ሣር ላይ የጀመረ ትንሽ እሳት ቅጠል ባለው እርጥብ ቅርንጫፍ ከዳሩ ጀምሮ እየተመታ ይጠፋል። ቅርንጫፉን ከፍ አድርጎ መምታት ፍንጣሪውን ይበትነዋል፤ ተጭኖ ማፈን ይሻላል። ነበልባሉ ከወገብ ካለፈ ብቻን መታገል ሞት ነው። ኡኡታ ማሰማትና ሰው መሰብሰብ ይቀድማል።

ሽሽቱ ሽቅብ አይሁን። እሳት ዳገት ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ሣር ቀድሞ ስለሚያሞቀው ይፈጥናል፤ ባለሙያዎች እንደ ግምት የሚይዙት ዳገቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ እንደሚሆን ነው። ወደ ጎን መሸሽ፣ ወደታረሰ መሬት፣ ወደ ድንጋያማ ቦታ ወይም እሳቱ በልቶ ወዳለፈው ጥቁር መሬት መግባት ያድናል።

ነጠላ ወይም ጋቢ ከተያያዘ መሮጥ ነበልባሉን ያራግበዋል። ባለበት ወድቆ፣ ፊትን በእጅ ሸፍኖ መንከባለል ነው። የተቃጠለ ቆዳ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና ጭቃ አይቀባም፤ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀሩታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። ከዚያ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ተሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ለዚህም ነው ጀሪካኑ ለእሳቱ ብቻ ተሰልቶ የማይሞላው፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሊትር ይቀርበት።